ለመድረክ የሚሠራ የሙዚቃ መሣሪያ፦ ከሃሪ ፓርች ምን እንማራለን?

መግቢያ

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ያቀረብነውን ተውኔት ያያችሁ ሰዎች የመጨረሻውን ትዕይንት ሳታስታውሱት አትቀሩም። ዋናው ገፀ ባህርይ ዓይነ ስውር የሆኑ ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። ልጃቸው መሞቷን ሲሰሙ ምንም ሳይናገሩ ማሲንቋቸውን አንስተው ይጫወታሉ። ሽማግሌውን ሆኖ የተወነው ጓደኛችን ግን ማሲንቆ መምታት አይችልም። ስለዚህ ድምፁን በስልክ ቀርፀን በድምፅ ማጉያ ለቀቅነው፤ እሱ ደጋኑን ብቻ ወዲያና ወዲህ እንዲያደርግ ተስማማን።

በልምምድ ላይ ችግሩ አልታየንም። በትርኢቱ ቀን ግን በመጀመሪያ ድምፁ ከእጁ ዘግይቶ መጣ። ይሄ ሳያንስ ስልኩ ተደወለለት! ዜማው ተቋርጦ የስልኩ ጥሪ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጓደኛችን ደጋኑን እንደያዘ ድርቅ ብሎ ቀረ። በማግስቱ ትርኢቱ ይቀጥል ሲባል "እኔ አልወጣም" አለ፤ እውነትም አልወጣም። ሦስት ወር የደከምንበት ሥራ በአንድ ምሽት አበቃ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለረጅም ጊዜ ስልኩን ስንወቅስ ከረምን። ቆይቶ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ሙዚቀኛ ያልሆነ ተዋናይ ሊጫወተው የሚችል፣ ለዚያ ትዕይንት ተብሎ የተሠራ፣ እዚያው መድረክ ላይ በእውነት ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ መሥራት አይቻልም ነበር ወይ? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለግንበት ነው። በመጀመሪያ በሌላው ዓለም ለመድረክና ለፊልም ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎችን፣ ቀጥሎ የሃሪ ፓርችን ሥራ፣ በመጨረሻም እኛው የሞከርነውን እንመለከታለን።

ለአንድ ሥራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ

አብዛኞቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለብዙ ዓይነት ሥራ ያገለግላሉ። ክራር ለሠርግም ለትካዜም ይሆናል። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን መጀመሪያ የተሠሩት ለአንድ ትዕይንት ወይም ለአንድ ዓይነት ስሜት ነው።

የቆየውና ለኛም ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ኦፔራ "አይዳ" ነው። አይዳ በግብፅ የተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1871 በካይሮ ነው። የግብፅ ሠራዊት ኢትዮጵያውያንን ድል አድርጎ በሰልፍ ሲመለስ በመድረኩ ላይ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች ይነፋሉ። እነዚህ መለከቶች ለዚሁ ኦፔራ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ እስከ ዛሬ "የአይዳ መለከት" ይባላሉ። የተለመደው ትራምፔት የተጠማዘዘ ስለሆነ ከሩቅ ያለ ተመልካች በደንብ አያየውም፤ ቢያየውም የጥንቱን ግብፅ አያስታውሰውም። ስለዚህ ቬርዲ ከመሣሪያው የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ ለጆሮ ድምፅ፣ ለዓይን ደግሞ ምስል።

በፊልም ዓለም ብዙውን ጊዜ መሣሪያው አይታይም፤ የሚፈለገው ድምፁ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዋተርስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1975 የፈጠራ መብት ያገኘበት "ዋተርፎን" ከማይዝግ ብረት የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ዙሪያውን ርዝመታቸው የተለያየ ቀጫጭን ዘንጎች ቆመውበታል፤ ውስጡ ደግሞ ጥቂት ውሃ አለ። ዘንጎቹ በደጋን ሲፈተጉ ንዝረቱ ወደ ሳህኑ ይወርዳል፤ ውሃው ሲናጥ ድምፁ ይጣመማል፣ ይወላወላል። በአስፈሪ ፊልሞች ውስጥ "አሁን አንድ ነገር ሊመጣ ነው" የሚያሰኘንና ከየት እንደመጣ የማናውቀው ድምፅ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የመጀመሪያው "ስታር ትሬክ" ፊልም ላይ አቀናባሪው ጄሪ ጎልድስሚዝ ከሰው አቅም በላይ የሆነውን ግዙፍ ፍጡር የሚወክል ድምፅ ሲፈልግ "ብላስተር ቢም" በተባለው የክሬግ ሃክስሊ መሣሪያ ተጠቅሟል። ይህ ብዙ ሜትር የሚረዝም የብረት አግዳሚ ሲሆን ሽቦዎች ተወጥረውበታል፤ ንዝረቱን እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ወደ ማጉያ የሚያደርስ ማግኔትም አለው። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን "ዘ ዊች" የተባለ ፊልም ሙዚቃ የሠራው ካናዳዊ ማርክ ኮርቨን ከኮምፒውተር የሚወጡት አስፈሪ ድምፆች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሰለቹት፣ ጊታር ሠሪ ለሆነው ለቶኒ ደጋን ስሚዝ ነግሮ አንድ ሣጥን አሠራ። ሣጥኑ ላይ ካሉት ነገሮች መካከል የብረት ማስመሪያዎች ይገኙበታል። ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስመሪያን ዴስክ ጫፍ ላይ አስይዘን "ድርርር" ያላሰኘን የለም፤ የተገረፍንበትም እንኖራለን። ያው ነው!

እንግዲህ ከእነዚህ የምንረዳው መሣሪያውን ልዩ የሚያደርገው የዋጋው ውድነት ወይም መልኩ አለመሆኑን ነው። ልዩ የሚያደርገው ጥያቄው ነው፤ "ይህ ትዕይንት ምን ዓይነት ድምፅ ይፈልጋል?" ብሎ መጀመሩ።

ሃሪ ፓርች ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ቢኖር ሃሪ ፓርች ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ተወልዶ በ1974 ሞተ። ፓርች ከልጅነቱ ፒያኖ ተምሯል፤ ነገር ግን ሰው ሲናገር ድምፁ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ያህል ፒያኖ ሊከተለው እንደማይችል አስተዋለ። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍለዋል። የሰው ንግግር ግን በደረጃዎቹ መካከል ባለው ቦታ ይመላለሳል። ስለዚህ ፓርች አንዱን ኦክታቭ ወደ 43 ድምፆች የሚከፍል የራሱን ቅኝት አዘጋጀ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊመስለን አይገባም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በጆሮው የሚቃኝ የክራር ተጫዋች ፒያኖ ላይ ካሉት ቁልፎች ጋር ልክ ባልገጠመ ድምፅ ሲጫወት "ተሳስቷል" አንለውም። ጆሮው የሚያውቀውን ነው የሚከተለው። ልዩነቱ ፓርች ይህን በሒሳብ ጽፎ ማስቀመጡ ነው።

ቅኝቱ ሲገኝ ግን ሌላ ችግር መጣ፦ ማን ይጫወተዋል? በምንስ? 43 ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በሱቅ አይሸጥም። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1930 በቪዮላ ላይ ረዘም ያለ አንገት ገጠመ። ከዚያ ጊታርን አሻሻለ። ቀጥሎም የራሱን መሣሪያዎች ከባዶ መሥራት ጀመረ። በዚህ መሀል የኢኮኖሚ ውድቀቱ ዘመን መጥቶ ለዓመታት ቤት የሌለው መንገደኛ ሆኖ በባቡር እየተንጠላጠለ ኖሯል። በዚያን ጊዜም ጆሮው ሥራ አልፈታም። "ባርስቶው" የተባለው ሥራው መንገደኞች በአውራ ጎዳና ዳር ከጻፏቸው ማስታወሻዎች የተወሰደ ነው።

ፓርች ገንዘብ ስላልነበረው መሣሪያዎቹን ከወዳደቀ ዕቃ ነው የሠራቸው። በበርክሌይ በሚገኝ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ተቆርጠው የተጣሉ ትልልቅ የመስታወት ገንቦዎችን አገኘና በእንጨት መስቀያ ላይ አንጠልጥሎ ሲመታቸው እንደ ደወል ጮኹ። እነዚህ በ1950 የተሠሩት "የክላውድ ቼምበር ሳህኖች" ናቸው። "የጦርነት ምርኮ" ብሎ የሰየመው መሣሪያ ደግሞ የመድፍ ጥይት ቀለሃ ተሰቅሎበታል። ሌላው የተሠራው ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ከቅል ነው። "ማሪምባ ኤሮይካ" የሚባለው ከሁሉ ይገዝፋል፤ ትልቁ ጣውላው ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ድምፁ ከፒያኖ የመጨረሻ ወፍራም ድምፅ በታች ስለሚወርድ ከመሰማቱ ይልቅ ደረት ላይ ይታወቃል።

ለቴአትር ተማሪ ዋናው ቁም ነገር ግን የሚከተለው ነው። ፓርች ሙዚቀኛው ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ እንዲደበቅ አልፈለገም። መሣሪያዎቹ እራሳቸው መድረኩ ላይ ቆመው የመድረክ ግንባታ (ዲኮር) ይሆናሉ። ተጫዋቹ ሲጎነበስ፣ ሲዘረጋ፣ መሰላል ላይ ሲወጣ እንቅስቃሴው የትወናው አካል ነው። ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው አንድ ነገር ነው። የኛ ማሲንቆ ያጣው ይህንኑ ነው!

የደንቆሮዎቹ ችሎት

አሁን ወደ አንድ አስገራሚ ነገር እንምጣ። የፓርች ትልቁ የመድረክ ሥራ እ.ኤ.አ. በጥር 1969 በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የታየው "ዴሉዥን ኦቭ ዘ ፊውሪ" ነው። ይህ ሥራ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል የተወሰደው ከጃፓን የኖ ቴአትር ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የተወሰደው ከኢትዮጵያ ተረት ነው!

ተረቱን በአንድም በሌላም መልኩ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። አንዲት ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ፍየሎቿ ጠፍተውባት አንዱን ሰው ትጠይቃለች። እሱም አይሰማም። ስለ ሌላ ነገር የጠየቀችው መስሎት በእጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። ሴትየዋ በዚያ ብትሄድ እንደ አጋጣሚ ፍየሎቿን ታገኛለች። ለምስጋና ብላ አንዲት እግሯን የተጎዳች ግልገል ትሰጠዋለች። እሱ ግን "እግሯን ሰበርክ" ያለችው መስሎት ይቆጣል። ተጣልተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛውም አይሰማም፤ ዓይኑም ደካማ ነው። ግልገሏን ሕፃን ልጅ አድርጎ ስለቆጠራት ሁለቱን እንደ ባልና ሚስት አስማምቶ ይፈርዳል።

አንድ አሜሪካዊ፣ ያውም ለጆሮ ሲል ዕድሜውን የሰጠ ሰው፣ ከዓለም ተረት ሁሉ መርጦ ይህን ለምን ወሰደ? በበኩሌ እንዲህ ይመስለኛል። በተረቱ ውስጥ ሁሉም ያያሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። ዓይን ያለ ጆሮ ብቻውን ሲፈርድ ምን እንደሚሆን ያሳያል። እኛም ያን ምሽት ያደረግነው ይኸው ነበር። ማሲንቆ የሚመስል ነገር አሳየን፤ ድምፁን ግን ከሌላ ቦታ አመጣን። ተመልካቹ እንደ ዳኛው አልነበረምና ሳቀብን።

መሣሪያው እንዴት ይታሰባል?

ካነበብነውና ከሞከርነው ተነስተን ለመድረክ መሣሪያ የሚሠራ ተማሪ በቅደም ተከተል ሊያስብባቸው የሚገቡ አምስት ነጥቦችን አውጥተናል።

1ኛ. ትዕይንቱ። ድምፁ የሚያስፈራ ነው? የሚያባባ ነው? ምን ያህል ደቂቃ ይቆያል? ንግግር ካለበት መሣሪያው የተዋናዩን ድምፅ መሸፈን የለበትም።

2ኛ. ተጫዋቹ። ተዋናዩ ሙዚቀኛ ካልሆነ ብዙ ድምፅ ያለው መሣሪያ አትስጡት። ከኛው ባህል እምቢልታን ተመልከቱ። ሦስት ነፊዎች ሆነው እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ እየተቀባበሉ ሙሉ ዜማ ይሠራሉ። ሁለት ድምፅ ብቻ በሚገባ ማውጣትን ማንኛውም ተዋናይ በሳምንት ልምምድ ይችለዋል።

3ኛ. የሚንቀጠቀጠው አካል። ክር ከሆነ ግማሹ ላይ ሲያዝ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይቀጥናል። የብረት ቧንቧ ወይም ዘንግ ግን እንደ ክር አይደለም፤ እኛም በዚህ ተሳስተን ብረት አባክነናል። ቧንቧን ለሁለት እኩል ብትቆርጡት ድምፁ በአንድ ሳይሆን በሁለት ኦክታቭ ይዘላል። አንድ ኦክታቭ ለማቅጠን ከፈለጋችሁ ከርዝመቱ 71 በመቶ ያህሉን አስቀሩ። የምታንጠለጥሉበት ቦታም ወሳኝ ነው። ከየጫፉ ከጠቅላላው ርዝመት 22 በመቶ ላይ ብትይዙት በደንብ ይጮሃል፤ አንድ ሜትር ቢሆን ከየጫፉ 22 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሌላ ቦታ ከያዛችሁት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል።

4ኛ. አጉሊው አካል። ክር ብቻውን አይሰማም፤ ሣጥን፣ ቅል ወይም ቆዳ ያስፈልገዋል። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ከቧንቧው ሥር ቢደረግ ድምፁን ያጎላዋል፤ ርዝመቱ ግን ከድምፁ ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ በሴኮንድ 220 ጊዜ ለሚንቀጠቀጥ ድምፅ 39 ሳንቲ ሜትር ያህል ቱቦ ይበቃል።

5ኛ. ዓይን። መሣሪያው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠው ሰው ይታያል? ተዋናዩ ሲጫወተው ፊቱ ይሸፈናል? ገፀ ባህርዩ ከሚኖርበት ቤትና ዘመን ጋር ይሄዳል?

የኛ ሙከራ

በቀጣዩ ዓመት ያዘጋጀነው ተውኔት ላይ አንዲት ገፀ ባህርይ የሞተች እናቷ የምትጠራት ይመስላታል። በዚህ ጊዜ የተቀረፀ ድምፅ ላለመጠቀም ወሰንን። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ ቁርጥራጭ ገዛን። በወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ክር ያለው፣ ክንፍ የመሰለ ግዙፍ መሣሪያ ነደፍን። በጣም ያምራል!

ሥዕሉን ይዘን በገና ወደሚሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድን። "አባባ፣ ይህን ሊሠሩልን ይችላሉ?" አልናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና "ማን ነው የሚጫወተው?" ብለው ጠየቁን። እርስ በርስ ተያየን። ተዋናይዋ ከኛው ጋር ነበረች፤ "እኔ ነኝ አባባ" አለች። "ክራር ትችያለሽ?" "አልችልም።" "እንግዲያው ልጄ፣ አሥራ ሁለት ክር ምን ያደርግልሻል?" አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ አሥሩን ክር እዚያው ሰረዝነው።

ቀጥለው በገናቸውን አንስተው እንዝራውን አሳዩን። እንዝራ ማለት በክሩና ክሩን በሚሸከመው ብርኩማ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። የበገናን ድምፅ የሚያስገመግመው እሱ ነው። ቆዳው በጥቂቱ ሲነሳ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሲገባ ያጉረመርማል። ያንን ስንሰማ የምንፈልገው የእናትየዋ ድምፅ እሱ መሆኑን ሁላችንም አወቅን።

በመጨረሻ የሠራነው መሣሪያ የሰው ቁመት ያህል ዘንግ፣ ከሥሩ የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለት ወፍራም ጅማት ያለው ነው። አንዱ ጅማት እንዝራ አለው፤ አንዱ የለውም። የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልተሳካም። ዘንጉን የሠራነው ካልደረቀ ባሕር ዛፍ ስለነበር በሳምንቱ ጎበጠ፤ ቅኝቱም ረገበ። በደረቀ ዋንዛ ለወጥነው። ሁለተኛው ችግር የመድረኩ መብራት ነው። ጅማት እርጥበት ይስባል፤ መብራት ሲያገኘው ደግሞ ይደርቃል፤ ቅኝቱም አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ መሣሪያውን ትርኢቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት መብራቱ ሥር አቁመን እንደገና መቃኘትን ልማድ አደረግን።

በትርኢቱ ምሽት ተዋናይዋ ወደ መሣሪያው ቀረበችና በአውራ ጣቷ ባለ እንዝራውን ጅማት አንድ ጊዜ ብቻ ሳበችው። ቆርቆሮው አጉረመረመ። ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ስልክ እስከ መጨረሻው ረድፍ ተሰማ። ማንም አልሳቀም። ያ "አልወጣም" ያለው ጓደኛችን በዚያ ምሽት መብራት ይዞ ነበር። ሲያልቅ መጥቶ መሣሪያውን ነካ ነካ አደረገና "ባለፈው ዓመት ይህን ብትሰጡኝ ኖሮ..." ብሎ ሳይጨርስ ሄደ። አሁን የሚቀጥለውን ተውኔት መሣሪያ የሚነድፈው እሱ ነው።

ማጠቃለያ

ለአንድ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ አንድ ከባድ ጉድለት አለው። ሲሰበር የሚተካው የለም። የፓርች የመስታወት ሳህኖች ሲሰበሩ በትክክል ያንኑ ድምፅ የሚሰጥ ሌላ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ያም ሆኖ ሥራው ከሱ ጋር አልሞተም። ፓርች አሠራሩንና ቅኝቱን በመጽሐፍ ጽፎ ስላስቀመጠ፣ የኮሎኙ ሙዚቅፋብሪክ የተባለ የሙዚቃ ቡድን መሣሪያዎቹን ሁሉ እንደገና አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 "ዴሉዥን ኦቭ ዘ ፊውሪ"ን በጀርመን ቦኹም ከተማ ለመድረክ አብቅቷል። ያ የኛ ተረትም እንደገና ተሰማ ማለት ነው።

በኛ ዘንድ ግን ለአንድ ተውኔት የተሠራ ዕቃ ትርኢቱ ሲያበቃ ስቶር ውስጥ ይጣላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማገዶ ይሆናል። ምን እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በትምህርት ክፍላችን የመድረክ መሣሪያ የሠራ ተማሪ ሁሉ ልኩን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ቅኝቱንና ያጋጠመውን ችግር በአንድ መዝገብ ጽፎ ያኑር። የኛን ጽፈን አስቀምጠናል። ሁለተኛ፣ ከመንደፋችን በፊት በገናና ክራር የሚሠሩ አባቶችን እንጠይቅ። በእጃቸው ያለው ዕውቀት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከጠየቋቸውም አይሰስቱም።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ማየት የሚፈልግ ካለ ስቶር ውስጥ ከበሩ በስተግራ ቆሟል። ጅማቱ ረግቦ ሊሆን ስለሚችል ከመንካታችሁ በፊት ቃኙት።